ኮምባይነር የሠራው የገበሬ ልጅና የ7 ሽልንግ ፍርድ

በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ወደ ዘመሮ ብቅ ያለ ሰው የመንዝ ገበሬ እንቅልፍ የሚያጣበትን ወቅት ያያል። ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባሉት ማሳዎች ገብሱና ስንዴው በማጭድ ይታጨዳል፤ ታስሮ ነዶ ይሆናል፤ ነዶው በሰው ጀርባና በአህያ ተጭኖ ይከመራል፤ ክምሩ ፈርሶ አውድማ ላይ ይነሰነሳል፤ በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል፤ ከዚያም በመንሽና በላይዳ እየተነሳ ለነፋስ ይሰጣል። ነፋስ እምቢ ያለ ቀን ሁሉም ቁጭ ብሎ ነፋስ ይጠብቃል። ዝናብ ያለ ወቅቱ የመጣ እንደሆነ ደግሞ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል።

እነዚህን ሥራዎች፣ ማለትም ማጨዱን፣ መውቃቱንና ማበጠሩን፣ በአንድ ጉዞ አጣምሮ የሚሠራው ማሽን ኮምባይነር ይባላል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ከማጣመሩ ነው። በአርሲና በባሌ ሜዳ ገበሬው በኩንታል እየከፈለ ያሳጭድበታል። የመንዝ ተዳፋት፣ ገደልና በድንጋይ ካብ የተከፋፈለ ቁራጭ ማሳ ግን ለዚህ ማሽን አይመችም። ሆኖም ኮምባይነር ዘመሮ አልደረሰም ማለት የዘመሮን ሰው አይነካውም ማለት አይደለም። መሬቱ የጠበበው የደጋ ወጣት የራሱን ሰብል ከሰበሰበ በኋላ ማጭዱን ይዞ ለቀን ሥራ ወደ ሌላ አገር ይወርዳል። ማሽኑ ከእሱ ቀድሞ ከደረሰ የዚያ ዓመት ገቢው ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ማሽን የሰውን ድካም ሲያቀልል ትርፉ የማን ነው? የባለ ማሽኑ ብቻ ነው? ወይስ ማሽኑን የሚሠራው፣ የሚነዳውና በማሽኑ የተተካው ሰውም ድርሻ አለው? ይህን ጥያቄ ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ አውስትራሊያዊ ነው። ሂዩ ቪክተር ማኬይ ይባላል። በግብርና መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስም ያለው ፋብሪካ ባለቤት ነው። እኔ ግን የተዋወቅሁት በማሽኑ ሳይሆን በሕግ ትምህርት ላይ ነው፤ ስሙን ያገኘሁት በአንድ የፍርድ መዝገብ ራስጌ ላይ ነበር። የሰውየውን ሕይወት ባጭሩ ላጫውታችሁ። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድንጋይ ጠራቢው ልጅ

ማኬይ ነሐሴ 1865 በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት፣ ሬይውድ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ናትናኤልና እናቱ ሜሪ ከአየርላንድ የተሰደዱ ነበሩ። አባትየው ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ በኋላ መሬት ይዞ ገበሬ ሆነ። ከ12 ልጆች መካከል ሂዩ 5ኛው ነው። ቤተሰቡ ድራማርቲን በተባለ ሥፍራ ስንዴ ያመርት ነበር። ልጁ ጥቂት ዓመታት ከተማረ በኋላ በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ እርሻው ገባ። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የመከር ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው ልጅ ዛሬም በየገጠሩ አለ።

በዚያ ዘመን የአውስትራሊያ ገበሬ ስንዴውን የሚሰበስበው ስትሪፐር በተባለ በፈረስ የሚጎተት መሣሪያ ነበር። ይህን መሣሪያ በ1843 በደቡብ አውስትራሊያ ለሥራ ያበቃው ጆን ሪድሊ ነው። ሐሳቡ በሮማውያን ዘመን በጎል ምድር በበሬ ይገፋ ከነበረ መሣሪያ ጋር ይመሳሰላል። ስትሪፐር እንደ ማጭድ አገዳውን አይቆርጥም። ከፊቱ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ረጃጅም የብረት ጣቶች አሉት። አገዳው በጣቶቹ መካከል ሲያልፍ ዛላው ይያዛል፤ ከላይ በፍጥነት የሚሽከረከር መምቻ ዛላውን ይቀነጥሰውና ወደ ኋላ ወዳለው ሣጥን ይወረውረዋል። አገዳው ማሳው ላይ ቆሞ ይቀራል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ሰብሉ በደንብ ሲደርቅ ነው። የአውስትራሊያ የመከር ወራት ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ተስማማው። እርጥበት በሚበዛበት በአውሮፓ ግን ገበሬው ስንዴውን አጭዶ፣ አስሮና አድርቆ ኋላ መውቃት ነበረበት። እዚህ ላይ የመንዝ ገበሬ ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ አለ። አገዳው ማሳ ላይ ከቀረ ከብቱ ምን ይበላል? ለእኛ ጭድ ማለት የበሬ ቀለብና የቤት ምርጊት ነው። በሰፊ መሬት ላይ ለሚያርሰው አውስትራሊያዊ ግን አገዳው ብዙም አያስጨንቀውም ነበር፤ አቃጥሎት አዲስ ይዘራል። አንድ ማሽን አንዱ አገር ተፈጥሮ ሌላው አገር ሲሄድ የሚቸገረው በተራራና በሜዳ ብቻ ሳይሆን በኑሮም ልዩነት ነው።

የስትሪፐር ችግር ሥራውን በግማሽ መተዉ ነው። ሣጥኑ ሲሞላ ተጎትቶ ወደ ማሳው ዳር ይሄዳል፤ ዛላው፣ እብቁና ፍሬው ተደበላልቆ ይዘረገፋል፤ ከዚያ በእጅ በሚዞር ማራገቢያ ይበጠራል። አቧራውን እየዋጡ እጀታውን የሚያዞሩት ደግሞ እንደ ማኬይ ያሉት የቤት ልጆች ናቸው። ወጣቱ ሂዩ ይህን ሥራ እየጠላ አደገ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአሮጌ ብረት የተወለደ ማሽን

ሁለቱን ሥራዎች የማጣመር ሐሳብ የማኬይ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ሃይራም ሙር እና ባልደረባው በ1836 የፈጠራ መብት ያወጡበት ማሽን እያጨደ ይወቃ ነበር፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ ስለነበር እስከ 20 የሚደርሱ ፈረሶች ይጎትቱት ነበር። በአውስትራሊያም የቅኝ ግዛት መንግሥታት የተሟላ የመሰብሰቢያ ማሽን ለሚሠራ ሽልማት አቅርበው ነበር። ጄምስ ሞሮው የተባለ የሜልቦርን ሰው ከማኬይ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ማሽን ሠርቷል። ስለዚህ ኮምባይነርን የፈጠረው አንድ የ18 ዓመት ልጅ ነው የሚለው ታዋቂ ወሬ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ማኬይን ልዩ ያደረገው ማሽኑ ተራ ገበሬ የሚገዛውና ጥቂት ፈረሶች የሚጎትቱት እንዲሆን ማድረጉ ነው።

በ1884 ማኬይ ከአባቱና ከወንድሙ ከጆን ጋር ሆኖ በእርሻቸው ላይ ባለች የብረት መቀጥቀጫ ጎጆ ውስጥ የመጀመሪያውን ናሙና ሠራ። የተጠቀሙት ከአሮጌ ማሽኖች የተነቃቀለ ብረትና ጥርስ ነው። በዓመቱ፣ በ1885፣ የፈጠራ መብት አወጣበት። ማሽኑ ሞተር የለውም። ኃይሉን የሚያገኘው መሬት ላይ ከሚሽከረከረው ትልቅ ጎማው ነው። ፈረሶቹ ሲጎትቱ ጎማው ይዞራል፤ ጎማው በጥርሶችና በሰንሰለት መምቻውን ያዞራል፤ የተቀነጠሰው ዛላ ወደ መውቂያው ይወጣል፤ ከዚያ ማራገቢያው እብቁን ያባርራል፤ ፍሬው በወንፊት ላይ ተጣርቶ ወደ ከረጢት ይወርዳል። የአውድማው ሥራ ሁሉ፣ በሬውም፣ መንሹም፣ ነፋሱም፣ በአንድ ሠረገላ ላይ ተጫነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀጥቃጭ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በእኛ አገር ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ገበሬው ያለ እሱ አያርስም፤ ነገር ግን ከእሱ ጋር አይጋባም። በማኬይ አገር የገበሬ ልጅ ብረት ቀጥቅጦ ባለ ሀብት ሲሆን በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ልጅ እጁን እየደበቀ አደገ። ከመሣሪያ ድህነታችን ውስጥ የዚህ ንቀት ድርሻ ቀላል አይመስለኝም።

መክሰርና ማንሰራራት

የማኬይ መንገድ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1888 በባላራት ከተማ ኩባንያ አቋቋመ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያን የመታው የኢኮኖሚ ቀውስ ባንኮችን ሲዘጋ የእሱንም ኩባንያ ጣለው። ተስፋ ሳይቆርጥ እንደገና ተነሳ፤ ማሽኑን አሻሽሎም ሰንሻይን፣ የፀሐይ ብርሃን፣ የሚል ስም ሰጠው። ስሙን ያገኘው በ1894 አውስትራሊያን ከጎበኘው ከአሜሪካዊው ሰባኪ ከታልሜጅ ንግግር ነው ይባላል።

ሰንሻይን ተወደደ። አዲሱ ክፍለ ዘመን ሲገባ ፋብሪካው በዓመት በመቶዎች፣ ጥቂት ቆይቶም ከሺህ በላይ ማሽን ያወጣ ጀመር። ድርቅ የአገሩን ገበሬ በመታ ጊዜ ገበያውን ወደ ውጭ አዞረ፤ ሰንሻይን እስከ አርጀንቲና ድረስ ተሸጠ። በ1904 ከሜልቦርን በስተ ምዕራብ ባለችው ብሬይብሩክ መገናኛ የነበረ ፋብሪካ ገዛ፤ ቀስ በቀስም ሥራውን ከባላራት ወደዚያ አዛወረ። ቦታው ለባቡር ሐዲድና ለወደብ ቅርብ ነው። ተቃዋሚዎቹ ግን ሌላ ምክንያትም ያነሱ ነበር፤ ሥፍራው ደመወዝ የሚወስኑት ቦርዶች ሥልጣን ከማይደርስበት ወሰን ውጭ ነበር። በ1907 ከተማዋ ስሟን ለውጣ በማሽኑ ስም ሰንሻይን ተባለች። ማኬይ ለሠራተኞቹ የቤት መሥሪያ ቦታ አዘጋጀ፤ መንገድና የአትክልት ሥፍራ አሠራ፤ መብራት አስገባ። እንደ አባት ያስብላቸው ነበር የሚሉ አሉ። እንደ አባትም ማንም እንዲመክርበት አይፈልግም ነበር።

በዚህ ጊዜ የካናዳው ማሲ ሃሪስና የአሜሪካው ኢንተርናሽናል ሀርቬስተር ማሽኖቻቸውን ወደ አውስትራሊያ እያስገቡ ነበር። ማኬይ ከውጭ የሚገባው ማሽን ላይ ከፍተኛ ቀረጥ እንዲጣል አጥብቆ ወተወተ። መንግሥትም ሰማው፤ ግን በነጻ አልሰጠውም። በ1906 የወጣው ሕግ በአገር ውስጥ በሚሠሩ የእርሻ መሣሪያዎችም ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ፤ ከታክሱ ነጻ የሚሆነው ለሠራተኞቹ ፍትሐዊና ተገቢ ደመወዝ የሚከፍል ፋብሪካ ብቻ ነው። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው። ባለ ፋብሪካው በቀረጥ ከተጠበቀ ሠራተኛውም ከጥበቃው ይካፈል ነው ነገሩ።

የዳኛው ሒሳብ

ማኬይ ፍትሐዊ ደመወዝ እከፍላለሁና ከታክሱ ነጻ ልሁን ብሎ አመለከተ። ጉዳዩ የቀረበው ለግልግልና ዕርቅ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ለዳኛ ሄንሪ ቦርንስ ሂጊንስ ነው። ሂጊንስም እንደ ማኬይ ወላጆች ከአየርላንድ የመጡ ሰው ናቸው። ሕጉ ፍትሐዊና ተገቢ ይላል እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ትርጉሙን መስጠት ለዳኛው ወደቀ። ሕግ ለተማረ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ነገር የለም፤ ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ የሺዎች እንጀራ ግን በእነሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

የማኬይ ወገን ደመወዝ ገበያው የሚወስነው ነው የሚል ክርክር ነበረው። ሂጊንስ ግን ሌላ መንገድ ተከተሉ። ገበያው የሚወስነው ከሆነማ ሕግ አውጪው ይህን ጥበቃ ማስገባት ባላስፈለገው ነበር፤ ስለዚህ መለኪያው ሌላ መሆን አለበት አሉ። መለኪያው ሠራተኛው እንደ ሰው፣ በሠለጠነ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለመኖር የሚያስፈልገው ነው። ፋብሪካው አተረፈ አላተረፈ የሚለው ጥያቄ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ ዳኛው ወደ ማእድ ቤት ገቡ። የሠራተኞች ሚስቶች ቀርበው የሳምንት ወጪያቸውን ዘረዘሩ። ወደ 5 የሚጠጋ ሰው ላለበት ቤተሰብ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ማገዶ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በአማካይ 32 ሽልንግ ከ5 ፔንስ ሆኖ ተገኘ። ተራው የማኬይ ሠራተኛ የሚያገኘው በቀን 6 ሽልንግ፣ በሳምንት 36 ሽልንግ ነበር። የሚተርፈው 3 ሽልንግ ከ7 ፔንስ ነው። ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ፣ መብራት፣ የልጆች ትምህርት መሣሪያ፣ የሕመም ጊዜ ወጪ፣ የትራንስፖርት፣ የጋዜጣ፣ የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ሁሉ ከዚህች መውጣት አለበት። ዳኛው ይህ አይበቃም ብለው ለተራ ሠራተኛ በቀን 7 ሽልንግ፣ በሳምንት 42 ሽልንግ ወሰኑ። ማኬይ ከታክሱ ነጻ የመሆን ጥያቄው ውድቅ ሆነ።

ፍርዱ የተሰጠው ኖቬምበር 8 ቀን 1907 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 1900 ዓ.ም.። የጥቅምት 1900ን ትርጉም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ቀን ሲያይ ቆም ይላል። አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በዚያው ወር ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ሁለቱ ነገሮች አይተዋወቁም፤ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ። አንዱ ሠራተኛውን አትስደቡት ይላል፤ ሌላው ሠራተኛውን አታስርቡት። እኛ በመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆየን።

አሸንፎ የተሸነፈ

ማኬይ እጁን አልሰጠም። ታክሱን አልከፍልም ብሎ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተከራከረ። በሰኔ 1908 ፍርድ ቤቱ በ3 ለ2 ድምፅ ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነለት። የአብላጫው ምክንያት ሕጉ በታክስ ስም የሠራተኛና የአሠሪን ግንኙነት የሚገዛ ነው፤ ይህ ደግሞ የክፍላተ ሀገሩ ሥልጣን ነው የሚል ነበር። ከተለዩት ሁለት ዳኞች አንዱ ራሳቸው ሂጊንስ ናቸው።

በወረቀት ላይ ማኬይ ሙሉ በሙሉ አሸነፈ። ታክሱም ቀረ፣ 7 ሽልንጉም አስገዳጅነቱን አጣ። ነገር ግን ሂጊንስ በኋላ በመጡ ሌሎች የደመወዝ ክርክሮች ላይ ያንኑ መለኪያ መጠቀማቸውን ቀጠሉ። ጊዜ ቢወስድም የ7 ሽልንጉ ሐሳብ የመላው አውስትራሊያ መሠረታዊ ደመወዝ መነሻ ሆነ፤ እስከ 1967 ድረስም፣ 60 ዓመት፣ ዘለቀ። በማኬይ ላይ የተፈረደው ፍርድ በማኬይ አቤቱታ ወደቀ፤ በማኬይ ማሽን ስም ግን ኖረ። የሕግ ሰዎች ዛሬም የሀርቬስተር ፍርድ ይሉታል።

ፍርዱ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ሂጊንስ በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት ሠራተኛ ባለ ትዳር ወንድ ነው። ሴት ሠራተኛ ቤተሰብ አታስተዳድርም ተብሎ ስለታሰበ ከ1919 ጀምሮ በተለመደው አሠራር ከወንዱ ደመወዝ 54 በመቶ ብቻ ይወሰንላት ነበር። ይህ እንዲታረም እስከ 1969ና 1972 ውሳኔዎች መጠበቅ አስፈልጓል። ከወንዱ እኩል ስታጭድ ውላ ያነሰ ለሚከፈላት የእኛ አገር ሴት ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

በ1911 በሰንሻይን ፋብሪካ ትልቅ የሥራ ማቆም ተነሳ። ማኅበሩ የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው አይቀጠር አለ፤ ማኬይ በፋብሪካዬ የሚቀጠረውን የምመርጠው እኔ ነኝ አለ። 13 ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ተርቦ የተመለሰው ሠራተኛው ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ስለ ማኬይ ክፉ ብቻ ማውራት ግፍ ይሆናል። የሰውን ፈጠራ ማወቅና ማክበር ይችልበት ነበር። ሄድሊ ቴይለር የተባለ የኒው ሳውዝ ዌልስ ገበሬ ከስትሪፐሩ የተሻለ ማሽን ሠራ። የቴይለር ማሽን ዛላውን ከመቀንጠስ ይልቅ በምላጭ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውንም በጠመዝማዛ ማስተላለፊያ ወደ መሃል ይሰበስበዋል። ነፋስና ዝናብ ያስተኛውን ሰብል ሳይቀር ከመሬት አንስቶ ያጭዳል። ስትሪፐሩ በዚህ ላይ አቅም አልነበረውም። ማኬይ በ1916 መብቱን ገዛ፤ ቴይለርንም ማሽኑን በሰንሻይን ፋብሪካ እንዲያሠራ አመጣው። ከዚሁ ሥራ በ1924 በራሱ ሞተር የሚሄድ ማሽን ወጣ። ለገበያ ቀርበው በራሳቸው ሞተር ከሄዱት የዓለም ኮምባይነሮች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዛሬ በባሌ ሜዳ የምናየው ማሽን፣ ከፊት ያለው መቁረጫ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው የመውቂያ ከበሮ፣ ወንፊቱና ማራገቢያው፣ በመልኩ ቢለወጥም አሠራሩ ከዚህ ዘር የራቀ አይደለም።

ፋብሪካው በ1920ዎቹ በአውስትራሊያ ከሁሉ ትልቁ ሆኖ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ይዞ ነበር። ማኬይ በዚህ ዝናው ጫፍ ላይ እያለ በግንቦት 1926 በ60 ዓመቱ ሞተ። ከ1.4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ ሀብት ትቶ ሄደ። ለበጎ አድራጎት ከተወው ገንዘብ ላይ የተገኘ ድጋፍ በ1928 በኩዊንስላንድ ለተጀመረው የበራሪ ሐኪም አገልግሎት መቋቋሚያ ሆኗል። ይህ አገልግሎት መንገድ በሌለበት በረሃ የታመመውን ገበሬና እረኛ በአውሮፕላን የሚያክም ነው። በቀን 1 ሽልንግ ለመጨመር እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የተሟገተ ሰው ለማያውቀው በሽተኛ አውሮፕላን የሚያስነሳ ገንዘብ ተናዘዘ። ይህን አይቶ ደግ ነው ወይስ ንፉግ ብሎ መፍረድ ያስቸግራል። እኔ እንደሚመስለኝ መስጠት ይወድ ነበር፤ መጠየቅ ግን አይወድም። ሕግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሠራተኛ የባለ ጸጋውን ደግነት መጠበቅ የለበትም።

ኩባንያው ከሞቱ በኋላ በ1930 ከቀድሞ ተቀናቃኙ ከማሲ ሃሪስ የአውስትራሊያ ክፍል ጋር ተዋሐደ። በ1955 ደግሞ የዚያኑ የካናዳ ኩባንያ ተተኪ ሙሉ በሙሉ ገዛው። ይህ ገዢ ማሲ ፈርጉሰን በሚለው ስሙ በአገራችን ትራክተር አይቶ በማያውቅ ሰው ዘንድ እንኳ የታወቀ ነው። የሰንሻይን ፋብሪካ ቀስ በቀስ ተዘጋ፤ አብዛኛው ግንባታ በ1990ዎቹ ፈርሶ የገበያ ማዕከል ሆኗል።

እኛስ?

የማኬይን ታሪክ ያነሳሁት ለመደነቅ አይደለም። ኮምባይነር ወደ እኛ አገር ሲገባ ምን እንደሆነ ስለማስታውስ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ ተቋቋመ። የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። የተሻሻለው የስንዴ ዘርና ማዳበሪያው ትርፍ እንደሚያመጣ ያየው ባለ መሬት ግን ትራክተርና ኮምባይነር እያስመጣ ጭሰኛውን ከመሬቱ ማስነሳት ጀመረ። የእርሻ ማሽኑ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ባለ ማሽኑ ከቀረጥ ነጻ ሲሆን ጭሰኛው ከሕግ ጥበቃ ነጻ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። በአውስትራሊያ መንግሥት ለባለ ማሽኑ ጥቅም ሲሰጥ በምትኩ ለሠራተኛው ምን ትሰጣለህ ብሎ ጠየቀ። ሕጉ ቢወድቅም ጥያቄው አልወደቀም። በአርሲ ግን ጥያቄው ሳይጠየቅ ቀረ። መልሱ የመጣው በ1966ቱ አብዮትና በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። በጊዜው በሕግ ያልተመለሰ ጥያቄ በኋላ በሌላ መንገድ ይመለሳል፤ ያኛው መንገድ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ዛሬስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖርና ዝቅተኛ ደመወዝን በጥናት እንደሚወስን፣ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወጣ ይደነግጋል። ከአዋጁ በኋላ ግን ደንቡ ለዓመታት ሳይወጣ ቆይቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ባለ ሀብት ያሸሻል የሚል ክርክር አለ፤ የሚናቅም አይደለም። ነገር ግን ማኬይም ይህንኑ ይል ነበር። ከሂጊንስ ፍርድ በኋላ ፋብሪካው አልተዘጋም፤ ይልቁንም በአገሩ ትልቁ ሆነ።

ኮምባይነር ይምጣ። የመንዝ ገበሬ ነፋስ እየጠበቀ፣ በሬ እያዞረ ይኑር የሚል ሰው አውድማ ላይ ውሎ የማያውቅ ነው። ለተዳፋቱ የሚሆን ትንሽ ማጨጃና መውቂያ፣ ጭዱን የማያባክን፣ በማኅበር የሚገዛ ማሽን ቢገኝ ዘመሮም ትደሰታለች። ግን ማሽኑን የሚያስመጣው ከቀረጥ ነጻ ሲባል አብሮ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ማጭዱን ይዞ የወረደው የደጋ ልጅ የቀን ገቢ ስንት ነው? በዚያ ገንዘብ ሚስቱ ምን ገዝታ ገባች? ዳኛ ሂጊንስ ከ100 ዓመት በፊት ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ ሒሳቡን የነገሯቸው የሠራተኞቹ ሚስቶች ናቸው። የእኛም እናቶች ሒሳቡን ያውቁታል። የቀረው የሚጠይቃቸው ነው።